ሁለት እጥፍ ስንት ነው?



ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን የጠፈር መርከብ ፎቶ አይታችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ግማሾቻችሁ "ቲቸር፣ በዚህ ዕድሜህም ጌም?" ብላችሁ ስቃችኋል። ይሁን። ግማሾቻችሁ ደግሞ "ግራና ቀኙ እንዴት እንዲህ እኩል መጣልህ? እኛ ስንሞክር ይንጋደድብናል" ብላችኋል። ለሳቂውም ለጠያቂውም አንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ይረዝማል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ለማታውቁት ከመጀመሪያው ልጀምር። ኮምፒውተር ላይ የጠፈር መርከብ የሚሠራባቸው ጌሞች አሉ። ተኩስም፣ ንግድም፣ የማዕድን ቁፋሮም አላቸው፤ እኔን ግን እሱ ብዙም አይስበኝም። የምወደው ግንባታውን ነው። ባዶ ጠፈር ላይ አንዲት ብሎክ ታስቀምጣለህ፣ ከጎኗ ሌላ፣ ከላይዋ ሌላ፣ እያለ እያለ መርከብ ይሆናል። እኔ በደንብ የማውቃቸው ሁለት ናቸው። አንዱ ስፔስ ኢንጂነርስ ይባላል፤ ፕራግ ያለው ኪን ሶፍትዌር ሃውስ የሚባል ድርጅት የሠራው ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ገና ሳያልቅ ለገበያ ወጥቶ "አሁን አለቀ" የተባለው በ2019 ነው። ሌላው አቮሪየን ነው፤ የጀርመኖች ሥራ፣ በ2020 የተጠናቀቀ። ሁለቱንም የምጫወተው የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ባመጣልኝ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። ማራገቢያው ሲነሳ ጎረቤቶቼ ወፍጮ የተከልኩ ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ። መርከቡ እኩል የሚመጣው በግሪድ ነው። ግሪድ ማለት በባዶው ቦታ ላይ የተዘረጋ የማይታይ ባለ ካሬ ደብተር ነው በሉት፤ ልዩነቱ የደብተሩ ካሬ ወርድና ቁመት ብቻ ሲኖረው የዚህኛው ጥልቀትም አለው። ብሎኳን በማውስ ይዘህ ስትቀርብ እንደፈለግህ አትንሳፈፍም፤ በቅርቧ ወዳለው ካሬ ጠቅ ብላ ትገባለች። በቃ። ይሄን ያህል ቀላል ነው። ከባዱ ነገር ካሬው ምን ያህል ይሁን የሚለው ነው።

ስፔስ ኢንጂነርስ ይሄን ጥያቄ ራሱ ወስኖ ነው የሚሰጥህ። ሁለት ዓይነት ግሪድ ብቻ አለው። የትልቁ ካሬ በሦስቱም አቅጣጫ 2.5 ሜትር፣ የትንሹ ካሬ በሦስቱም አቅጣጫ 0.5 ሜትር። ሦስተኛ የለም። የመጀመሪያዋ ብሎክህ ትልቅ ከሆነች መርከቡ እስከ መጨረሻው የትልቅ ግሪድ መርከብ ነው፤ ከጎኑ ትንሽ ብሎክ ልለጥፍ ብትል አይቀበልህም። ሁለቱን ለማገናኘት መጋጠሚያ፣ መዞሪያ፣ ማረፊያ እግር የመሳሰለ ልዩ ዕቃ ያስፈልጋል። (በ2025 መጀመሪያ የወጣው ሁለተኛው ክፍል ይሄን ለውጦ ሁሉንም በ25 ሳንቲሜትር ግሪድ አንድ አድርጎታል ይባላል፤ አይቼዋለሁ በቪዲዮ። የኔ ላፕቶፕ እሱን ልክፈት ብል እሳት የሚነሳ ይመስለኛል።)

ብዙ ልጆች ይሄን ሁለት ግሪድ ብቻ ያለውን ነገር ሲሰሙ "ምን ዓይነት ግትርነት ነው!" ይላሉ። እኔ ደግሞ የምወደው ግትርነቱን ነው። አንዲት ብሎክ ሳታስቀምጥ "ምን ልሠራ ነው?" ብለህ እንድታስብ ያስገድድሃል። ሰው እየተራመደ የሚያልፍበት ኮሪደር ያለው መርከብ ነው? ወይስ አንድ ሰው ተቀምጦ ድንጋይ የሚቆፍርባት ትንሽ ነገር? ኮሪደር ከሆነ 2.5 ሜትር ይበቃል። ትንሿን ግን በዚህ ግሪድ ብትሠራት ከመኪና ይልቅ ኮንቴይነር ትመስልሃለች።

ይሄን ነገር እናቴ ያለ ኮምፒውተር ታውቀዋለች። ልጅ እያለሁ የመስቀል ጥልፍ ትጠልፍ ነበር። ከጎረቤት የተዋሰችው ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ፒኮክ ተስሏል፤ እሱን ፊቷ ዘርግታ፣ የጨርቁን ክር እየቆጠረች፣ አንዱን ካሬ ወደ አንድ መስቀል ትለውጠዋለች። ወረቀቱ ያው አንድ ነው። ጨርቁ ረቂቅ ከሆነ ፒኮኩ ለትራስ ልብስ ይሆናል፤ ክሩ ወፍራም የሆነ ጨርቅ ከሆነ ያው ፒኮክ አልጋ ልብስ ይሞላል። መርፌ ሳታነሳ ጨርቁን በጣቷ እየዳበሰች "ይሄኛው ወፉን ያሳብጥብኛል" ትል ነበር። ግሪድ መምረጥ ማለት ይሄው ነው። አንዴ ከጀመርክ በኋላ ጨርቅ አይቀየርም።

ግራና ቀኝ እኩል እንዲሆን የጠየቃችሁት ደግሞ ሌላ አንድ ነገር ይፈልጋል። ሁለቱም ጌሞች መስታወት አላቸው፤ በግራ ያስቀመጥከውን በቀኝ ራሱ ይደግመዋል። ግን መስታወቱን የት ታቆመዋለህ? በብሎኩ ሆድ ላይ ወይስ በሁለት ብሎኮች መገናኛ ላይ? የመርከብ ነጂው ወንበር አንድ ካሬ ከያዘና መሐል ላይ ይሁን ካልክ፣ የመርከቡ ወርድ ኢ-ተጋማሽ ቁጥር መሆን አለበት፤ 5፣ 7፣ 9። ወርዱን 8 ካደረግከው ወንበሩ መሐል የሚባል ቦታ የለውም፤ ወይ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። "ይንጋደድብናል" ያላችሁኝ፣ ሄዳችሁ ወርዱን ቁጠሩት። ተጋማሽ ቁጥር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ልጆቹ ልምጣ፤ ይሄን ሁሉ የምጽፈው በነሱ ምክንያት ነውና።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት አምስት ስድስት ተማሪዎች እኔ ጋ ይመጣሉ። ቱቶሪያል አይደለም፤ ገንዘብ የለበትም። ላፕቶፑ አንድ ስለሆነ አንዱ ሲነዳ ሌሎቹ ደብተር ላይ ይነድፋሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ያልተሳለ ነገር ላፕቶፑ ላይ አይገነባም። መብራት ሲሄድ ደግሞ (ደሴ ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ) ደብተሩ ይቀጥላል። አንዳንዴ ጥሩው ቅዳሜ መብራት የሌለበት ነው።

ከልጆቹ ውስጥ አንዱ ግማሽ ቀን ብየዳ ቤት ይሠራል። በር፣ መስኮት፣ የአልጋ ብረት፣ የውሃ ታንከር፣ የመጣውን ሁሉ። ክፍል ውስጥ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ስሙ ሲጠራ ብቻ "አቤት" የሚል ዓይነት ልጅ ነበር። የሒሳብ ውጤቱን እዚህ አልጽፍም። እናንተም በትምህርት ቤት ዘመናችሁ እንዲህ ያለ ጓደኛ ነበራችሁ፤ "ሒሳብ ለኔ አልተፈጠረም" ብሎ ራሱ ላይ የፈረደ። ቤቴ የመጣውም ስለ ሒሳብ ብሎ ሳይሆን ጌም አለ ሲባል ሰምቶ ነው። ግልጽ ነው መቼስ።

አንድ ቅዳሜ እንዲህ ብዬ ጠየቅኳቸው፦ አንድ ትልቅ ብሎክ ውስጥ ስንት ትንሽ ብሎክ ይገባል? 2.5ን ለ0.5 ስታካፍል 5 ነው። ስለዚህ "አምስት!" አለ አንዱ። ትንሽ ቆይቶ ሌላው "አይ፣ ሃያ አምስት" አለ፤ ወለሉን አስቦ ነው። ከዚያ አንዷ በእርሳስ እየደረደረች አምስት ፎቅ መሆኑን አየችና "125" አለች። ልክ ነው፤ 5 በ5 በ5። እኔ በዚሁ ልጨርስ ነበር።

የብየዳው ልጅ ግን ጌሙን እያየ ዝም ብሏል። ከዚያ "ቲቸር፣ ታዲያ ለምንድነው 25 ብቻ የሚጠይቀን?" አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ጌም ትንሿን ቀላል የጋሻ ብሎክ ለመሥራት አንድ የብረት ላሜራ ትከፍላለህ፤ ክብደቷ 20 ኪሎ ነው። ትልቋን ለመሥራት 25 ላሜራ ትከፍላለህ፤ 500 ኪሎ ትመዝናለች። 125 አይደለም። ልጆቹ ጌሙ አጭበረበረ አሉ። ወይ ደግሞ ቅናሽ ነው አሉ፤ ጅምላ ስለሆነ!

እሱ ግን ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ። "ላሜራ እኮ የሚሄደው ለሆዱ አይደለም፣ ለቆዳው ነው። ሳጥን ስንሠራ ውስጡን በብረት አንሞላውም።"

እስቲ አስሉት። የትንሿ አንዱ ፊት 0.5 በ0.5 ነው፤ የትልቋ 2.5 በ2.5። አንዱ ከሌላው 25 እጥፍ ነው። ስድስት ፊት ለሁለቱም ስላላቸው ጠቅላላ ቆዳው 25 እጥፍ ይሆናል። ሆዱ 125፣ ቆዳው 25፣ ጠርዙ 5። ሦስት የተለያየ መልስ፣ ሦስቱም ልክ፤ የጠየቅከው ምንድነው የሚለው ነው የሚለየው። እኔ ይሄን በጥቁር ሰሌዳ ስንት ዓመት ጽፌዋለሁ፤ ለርዝመት በእጥፉ፣ ለስፋት በእጥፉ ካሬ፣ ለይዘት በእጥፉ ኩብ እያልኩ። ልጆቹ ይጽፉታል፣ ለፈተና ይሸመድዱታል፣ ይረሱታል። ላሜራ በእጁ የቆረጠ ልጅ "ቆዳ" እና "ሆድ" ብሎ ሲጠራቸው ግን ያቺ ክፍል ውስጥ የነበረ ማንም አልረሳትም። እኔም ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ቆዳና ሆድ ነው የምላቸው። ዳይሬክተራችን ቢሰማ ምን እንደሚል አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው አቮሪየንን የከፈትኩላቸው፤ ምክንያቱም ስኬል የሚባለው ነገር እዚያ ነው ያለው። አቮሪየን ውስጥ ብሎክ ቋሚ መጠን የለውም። ያንኑ ብሎክ እንደ ሊጥ ትስበዋለህ፤ ቀጭንና ረጅም፣ ሰፊና ጠፍጣፋ፣ እንደ ልብህ። አንድ ክንፍ በስፔስ ኢንጂነርስ መቶ ብሎክ ከሆነ እዚህ አንድ ብሎክ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ነፃነቱ ሲበዛ ሁለት ቁጥር ራስህ መምረጥ አለብህ። አንደኛው የግሪዱ መጠን ነው፤ ብሎኳ የት የት መቀመጥ ትችላለች የሚለው። ሁለተኛው የስኬሉ እርምጃ ነው፤ ስትለጠጥ በምን ያህል በምን ያህል ታድጋለች የሚለው።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ካልተስማሙ ቤት ውስጥ ሰላም የለም። ግሪዱን 1፣ እርምጃውን 0.3 አድርጉትና አንድ ሜትር የነበረችውን ብሎክ ለጥጧት። 1.3፣ 1.6፣ 1.9፣ 2.2 እያለች ትሄዳለች። 2 ላይ አትቆምም። 3 ላይም አትቆምም። 4 ላይ ስትደርስ ብቻ ከግሪዱ ጋር ትገናኛለች። እስከዚያ ድረስ በሁለት ብሎኮች መሐል ወይ ክፍተት አለ ወይ አንዷ ሌላዋን አላስገባ ትላለች። እርምጃውን 0.25 ስታደርገው ግን በየአራቱ እርምጃ ከግሪዱ ጋር ትጨባበጣለች።

125ን ያገኘችው ልጅ የመጀመሪያ መርከቧን ስትሠራ እርምጃውን በጣም ረቂቅ አድርጋ ነበር የጀመረችው፤ "በትክክል እንዲሆንልኝ" ብላ። ብዙ ሰው እንደሷ ያስባል። እርምጃው ባነሰ ቁጥር ሥራው የተጣራ ይሆናል ብለን። ከርቀት ሲታይ መርከቧ ታምራለች፤ ፀሐዩ በጎን ሲመታት ግን በየመገጣጠሚያው ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር። አንዱን መስመር ስትደፍን ሌላ ቦታ ይከፈታል። ሦስት ቅዳሜ ታገለች። ከዚያ አፈረሰችውና ደብተር ላይ ተመለሰች። አካሉ 30፣ ክንፉ 18፣ ጅራቱ 12 እንዲሆን ነበር የፈለገችው። "ለሦስቱም እኩል የሚያካፍል ትልቁ ቁጥር ስንት ነው?" አልኳት። 6። በ6 እርምጃ ዋናውን አካል በአንድ ከሰዓት ጨረሰችው። መስኮቱና መብራቱ ጋ ስትደርስ ብቻ ወደ 1 ወረደች፤ በኋላም ወደ 0.5።

ትልቁ የጋራ አካፋይ ይባላል ይሄ፤ አንደኛ ደረጃ እያላችሁ ተምራችሁታል። ያኔ "ምን ያደርግልናል?" ብላችሁ ጠይቃችሁ ይሆናል። ይሄን ያደርጋል።

እኔም የምሠራው እንደዚሁ ነው፤ በውስጥ መስመር "ሴቲንግህን ላክልን" ላላችሁኝ። ለአጥንቱ ወፍራም እርምጃ፣ ለሥጋው መካከለኛ፣ ለጌጡ ረቂቅ። ሁልጊዜም ትንሹ ትልቁን እኩል የሚያካፍለው ይሁን፦ 4፣ 2፣ 1፣ 0.5። ከረቂቁ ጀምሮ ወደ ወፍራሙ የሄደ ሰው ሲሳካለት አላየሁም።

እና አንድ ቀን ልጆቹ ትንሽ መርከብ ሠርተው ጨረሱ። አምሮላቸዋል። "ሁለት እጥፍ እናሳድጋት" አሉ። አቮሪየን ይሄን ይፈቅዳል፤ የተቀመጠ ዲዛይን አውጥተህ ጠቅላላውን በአንዴ ማሳደግ ትችላለህ። መርከቧ 3,000 ብረት የፈጀች ነበረች። 6,000 አጠራቅመው ጠበቁ። ጌሙ ወደ 24,000 ጠየቃቸው።

ጸጥታ ሆነ። ከዚያ የብየዳው ልጅ ሳቀ። "እዚህኛው ጌም ሳጥን አይደለም የሚሠራው፣ ድፍን ነው" አለ። ልክ ነው፤ አቮሪየን ውስጥ ዋጋውም ክብደቱም የሚታሰበው በሆዱ ነው። 2 በ2 በ2፣ ስምንት። ርዝመቷ ሁለት እጥፍ ነው የሆነው፣ መርከቧ ግን ስምንት መርከብ ሆናለች። ነድተዋት ሲያዩዋት ደግሞ ለመዞር የምትንፏቀቅ ሆነች፤ ያቺ እንደ ወፍ ትገለበጥ የነበረችው።

ይሄን ያየ የመጀመሪያው ሰው የኛ ቅዳሜ አይደለም መቼስ። ጋሊሊዮ በ1638 ሌይደን ላይ በታተመው ስለ ሁለቱ አዳዲስ ሳይንሶች በሚለው መጽሐፉ ውስጥ ሁለት አጥንት ስሎ አሳይቷል። አንዱ ትንሽ አጥንት ነው። ሌላው ርዝመቱ ሦስት እጥፍ የሆነ፣ ለትልቅ እንስሳ ያንኑ ሥራ የሚሠራ አጥንት ነው፤ ውፍረቱ ግን ከሦስት እጥፍ በጣም ያልፋል፣ ዱላ ሳይሆን ግንድ ይመስላል። ክብደቱ በሆድ ያድጋል፤ አጥንቱ የሚሸከመው ግን በተቆረጠበት ፊት ስፋት ልክ ነው። ሆድ ስምንት ሲሆን ያ ፊት አራት ብቻ ነው። ለዚህ ነው የዝሆን እግር እንደ ፍየል እግር የማይቀጥነው። ለልጆቹ ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ ሠራሁላቸው። ዝሆኑን ወደዱት።

የብየዳው ልጅ ግን ቅሬታ ነበረው። "ቲቸር፣ እነዚህ ጌሞች ውሸታም ናቸው" አለኝ። ስፔስ ኢንጂነርስ ውስጥ አንድ ቤት የሚያህል ነገር በአንዲት ብሎክ አንጠልጥሎ አሳየኝ። አይወድቅም፣ አይጣመምም። ጌሙ ብሎኮቹ መያያዛቸውን እንጂ የተሸከሙትን ጫና አያሰላም። "እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ብንበይድ ሰው ይሞታል።" እውነቱን ነው፤ ለዚህ መልስ የለኝም። ጌሙ ስትለካ እንድትጠነቀቅ ያደርግሃል እንጂ ስትሰቅል እንድትጠነቀቅ አያደርግህም። ያንን የሚያውቀው ከብረት ጋር የዋለ ነው።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ልጁ ራሱ አስፈቅዶኝ ነው። ማለቴ እኔ አስፈቅጄው ነው፤ እሱ "ስሜን ብቻ አትጥራ" ብሏል።

ሥራ ቤታቸው አንድ ምግብ ቤት ያለው ደንበኛ ይመጣል። ከዚህ በፊት የላሜራ ታንከር ሠርተውለታል፤ ወርዱም ቁመቱም አንድ አንድ ሜትር፣ በአራት የቱቦላሬ እግር ላይ የቆመ። አሁን ደግሞ ሥራው ሰፍቶለታል፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ስለዚህ "ያንኑ ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ ሥሩልኝ" አላቸው። በሁሉም በኩል ሁለት ሜትር። የሥራ ቤቱ ባለቤት የሥራ ሰው ነው፤ ላሜራውን በዓይኑ ቆጥሮ አራት እጥፍ መሆኑን ወዲያው ተናገረ። ደንበኛው ተከራከረ፣ ተስማሙ። እግሩን ደግሞ "አራት የነበረው ስምንት ይሁን፣ ቱቦላሬው ያው" አለ። በሁለት እጥፍ ጨመረ ማለት ነው፤ ለሰሚው ከበቂ በላይ ነው።

ልጁ በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፈው። ትንሹ ታንከር 1 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲሞላ 1,000 ሊትር፣ አንድ ቶን። አራት እግር ሲካፈለው ለአንዱ 250 ኪሎ። ትልቁ 2 በ2 በ2፣ ስምንት ሜትር ኩብ፤ ስምንት ቶን፣ የላሜራው ክብደት ሳይጨመር። ስምንት እግር ሲካፈለው ለአንዱ 1,000 ኪሎ። ያው ቱቦላሬ፣ አራት እጥፍ ጭነት። እግሩ ደግሞ በዚያው ሂሳብ ከረዘመ ለመጣመም የባሰ ይቀርባል።

እንግዲህ አስቡት። ለፍቶ አዳሪ ልጅ ነው፤ የቀን ሥራው ከዚያ ነው። አለቃው ደግሞ ሃያ ምናምን ዓመት የበየደ ሰው ነው። "ጋሼ፣ አይችለውም" ብሎ ለመናገር ምን እንደሚጠይቅ አገራችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሁለት ቀን በኪሱ ይዞት ዞረ። በሦስተኛው ቀን እግሮቹ ሊቆረጡ ሲሉ ካርቶኑን አውጥቶ ሰጠው።

ባለቤቱ አየው። መለሰው። እንደገና ተቀብሎ አየው። "ስምንት ቶን ያልከው ከየት አምጥተህ ነው?" አለው። ልጁ አስረዳው፤ ሆድና ቆዳ እያለ። "ማን አስተማረህ?" ሲለው "ጌም" አለ። ሥራ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። (እኔ ስሙን ባልጠራም እሱ የኔን ስም መጥራት ይችል ነበር እኮ! እሺ ይሁን።)

ምን ተደረገ? ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ ማንንም ሳያናግር ወፍራም ቱቦላሬ አስመጣ። እግሩ አሥራ ሁለት ሆነ፣ ቁመቱ አጠረ፣ በመሐል በአንግል ብረት ተሳሰረ። ለደንበኛው ሲያስረዳ "እኔ ሳስበው" ብሎ ነው የጀመረው። ልጁ አልከፋውም። እኔ ከፍቶኝ ነበር፣ ለሱ ስል። "ቲቸር፣ ዋናው እግሩ ነው" አለኝ።

ያን ታንከር ሄጄ አይቼዋለሁ። ከምግብ ቤቱ ጓሮ ነው ያለው። ከሥሩ ጥላ ስላለ ሁለት ሴቶች ዕቃ የሚያጥቡት እዚያ ተቀምጠው ነው፤ አንዷ ልጅ አዝላለች። ቆሜ ትንሽ አየሁትና ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

ልጁ ከዚያ ወዲህ ጎበዝ ተማሪ ሆነ ብዬ ብዋሻችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልሆነም። ከክፍል ይቀራል፤ ሥራ ሲበዛ ሳምንት ሙሉ ይጠፋል። እንግሊዝኛው ያስቸግረዋል፤ የፈተናው ጥያቄ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። ወረቀቱ ላይ ቆዳና ሆድ የሚል ጥያቄ አይመጣም። ቤተሰቦቹ ትምህርቱን ትቶ ሙሉ ቀን እንዲሠራ ይፈልጋሉ፤ ባለቤቱም ደመወዝ እጨምርልሃለሁ ብሎታል፤ ከካርቶኗ በኋላ መሆኑ ነው። ያች ካርቶን ለሱ ሁለት በር ነው የከፈተችለት፤ አንደኛው ወደ ሥራ ቤቱ ነው። የቱን እንደሚመርጥ ገና አልወሰነም። እኔ የምለውን ብያለሁ፤ አሥራ ሁለተኛን ይጨርስ፣ ከዚያ ቴክኒክና ሙያም ይሁን ዩኒቨርሲቲ። ግን የቤት ኪራያቸውን የምከፍለው እኔ አይደለሁም።

"ዲፕሎማህን ዲግሪ ብታደርገው አይሻልም? ጌም ላይ ከምታመሽ" ያልከኝ የሥራ ባልደረባዬ፣ አንብበህ ከሆነ፦ የክረምቱን ኮርስ ተመዝግቤያለሁ። ጌሙም ይቀጥላል።

ያቺ በ6 እርምጃ የገነባችው ልጅ አሁን ሌላ ጣጣ አምጥታለች። ክብ መርከብ እፈልጋለሁ ብላለች። በካሬ ክብ እንዴት ይሠራል? ባለፈው ቅዳሜ ደብተሯ ላይ በኮምፓስ ክብ ስላ መጣች፤ ከመሐል እስከ ዳር 5 ካሬ። ከዚያ ክቡ የካሬዎቹን ማዕዘን በትክክል የሚነካበትን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ እየነቆጠች ቆጠረች። ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፤ አራት። ከዚያ 3 ሄደህ 4 ስትወጣ፣ 4 ሄደህ 3 ስትወጣ፣ በየአራቱ ሩብ፤ ስምንት። "12 ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይስታል" አለችኝ። 6 ካሬ ላለው ክብ ስትሞክረው ደግሞ አራቱ ብቻ ሆኑባት። "ለምን ትልቁ ክብ ያነሰ ነጥብ ይኖረዋል?" ብላ ጠየቀች። 3፣ 4፣ 5ን የምታስታውሱ የድሮ ተማሪዎቼ ካላችሁ ኮሜንት ላይ መልሱላት፤ ታነባለች። መብራት ከሄደብን ደግሞ በደብተር እንቀጥላለን፤ የብየዳው ልጅ ለ13 ካሬ ክብ እሞክራለሁ ብሎ ወረቀት ወስዷል።